ሩብ ፍሬ

ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር
ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ጉርድ አጠባለሁ፣
የደንበኛን ወገብ በዓይኔ እለካለሁ።
የራሴን እንቅልፍ ግን
ሰባት ዓመት ሙሉ ገዛሁት በፍሬ፣
ሁለት ቢጫ ውጬ፣ ቢጫ ሌሊት አድሬ።

"ለአንድ ወር" ብሎ ነበር የጻፈልኝ፣
ወንድሜ አዋሽ መንገድ ላይ
ከነሲኖትራኩ የቀረብኝ ሰሞን።
ወሩ አለቀ። ወረቀቱም ታጥፎ ታጥፎ ተቀደደ፤
ባለፋርማሲው ግን ፊቴን ለመደ፣
"እንደ ወትሮው?" ይለኛል ከዚያ ወዲያ፣
እንደ ስኳር፣ እንደ ጨው ገበያ።

አንድ ቀን መቀስ በእጄ ይዤ
መቀስ ስፈልግ ዋልኩ።
የሚጠብቀኝ ልጅ ሳቀ፤ አብሬው ሳቅኩ።
ማታ ብቻዬን አለቀስኩ።

ዶክተር ለሊሴ ካላንደር ዘረጋች።
"ባንዴ እንዳትጥይው" አለች፤
"ድንገት የቆመ መኪና ከኋላው ይገጫል።"
ስለ ወንድሜ አልነገርኳትም ነበር።
"ሩብ ብቻ ቀንሺ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቂ።
ሲያቅትሽ እዚያው ቁሚ፤
ሳትነግሪኝ አትጨምሪ፣ ሳትነግሪኝ አታቋርጪ።"

እናም ምላጬ ሌላ ሥራ አገኘች፣
ስፌት የምትፈታው፣ ፍሬ ትከፍል ጀመረች።
ዱቄቷ ጣቴ ላይ ይቀራል።
ልላሰው? ልተወው?
በዚህ ጥያቄ አንድ ምሽት ያልፋል።

ሌሊት አዳማ አይተኛም።
የጅቡቲ ጭነት በመስኮቴ ሥር ሲነጉድ
ጎማውን እቆጥራለሁ፤ ስሳሳት ከአንድ እጀምራለሁ።
ነፋሱ ቆርቆሮውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
የጠፋበት ነገር ያለ ይመስላል።
ቆዳዬ ሥር ጉንዳን፣ ጥርሴ ውስጥ ደወል፤
በዚያ ሙቀት በረደኝ ብል ማን ያምነኛል?
የጎረቤት ሰዓት እንኳ ኮቴ አውጥቶ
ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል።

አንድ ከሩብ ላይ ቆምኩ። አንድ ላይ ተንበረከክኩ።
ሄጄ ጠየቅኳት፦
"ስሜት የሚያረጋጋ ሌላ ኪኒን አለ አሉ፣
ለሚጥል በሽታም ይሰጣል እያሉ።
እሱ ይዞ ያሻግረኛል?"
ለሊሴ ቶሎ አትመልስም። እስክሪብቶዋን ከደነች።
"አንዳንዱን ይረዳ ይሆናል። አንዳንዱን ምንም።
ጥናቱ ጥቂት ነው፤ እርግጡን አውቃለሁ ብልሽ ዋሸሁ።
የራሱም ጣጣ አለው፤ ደምሽን ማየት፣ ጉበትሽን መጠበቅ አለብን።
ብንሞክረው እንኳ
የምላጯን ሥራ አይሠራልሽም።"

ነገሩ የገባኝ ሱቄ ስመለስ ነው፣
በእጄ ቋንቋ፤ ውስወሳ ነው።
ጨርቁ እንዳይሸሽ አርቆ የሚያልፍ ክር፣
ስፌቱ ሲያልቅ የሚመዘዝ፣
ከልብሱ የማይቆጠር።
ሳይወሰውሱ የሚሰፉ አሉ፤ እጃቸው የታደለ።
የእኔ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሦስት ወር ወሰድኩት። ረዳኝ?
እንጃ።
ጉንዳኖቹ ሄዱ፤ ማን እንዳባረራቸው ግን
ፈርሞ የሄደ የለም።
ክኒኑ ይሁን፣ ጊዜ ይሁን፣
ወይስ ጎማ መቁጠር የሰለቸው ጆሮዬ።

ባለፈው ሐሙስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
የሙዘይንን ሱሪ እግር እያጠፍኩ ሳለ
ሲንጀሩ ላይ ድፍት።
ስነቃ ጉንጬ ላይ የጨርቁ ሽመና ታትሟል፤
ሙዘይን ባጃጁን ጥላ ውስጥ አቁሞ
ደጃፌ ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቆ።
"ምነው አልቀሰቀስከኝ?"
"ኧረ፣ እንዲህ የተኛ ሰው እንዴት ይቀሰቀሳል!"
የሱሪውን ሂሳብ አልተቀበልኩትም።

አልጨረስኩም ገና።
አንዲት ሩብ ፍሬ የአዝራር ጣሳዬ ውስጥ አለች፣
ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ተቀላቅላ፣ ሳንቀሳቅሰው ትንኳኳለች።
ድሮ ለእሷ እከፍል ነበር።
ዛሬ ማታ
ራሷን እከፍላታለሁ።